በውድ ዘመን የተረፈ ወጥ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ሼህ ይመር።

አንሻ የጠየቀቻቸው ሌላ ነገር ነበር። ኑሮው ከተወደደ ወዲህ፣ ያለው ለባሏና ለልጆቿ እንዲበቃ ብላ፣ ሳትበላ «በልቻለሁ» እያለች ከርማለች። ይህ ውሸት በአላህ ዘንድ ያስጠይቀኝ ይሆን ብላ በጠዋት ግቢያቸው ድረስ መጣች። ሼሁ ያስጠይቃልም አያስጠይቅምም አላሏትም። የተቀመጡበትን አጎዛ ግማሹን ለቀቁላትና «አረፍ በይ» ብለው ጀመሩ።

አንድ ሰው ነበረ። ኮርቻ ሠሪ ነው። አገሩ ቆላ፣ ቤቱ ከገበያው ዳር ነበር። ሚስትና ለጋብቻ የደረሰች ሴት ልጅ አለችው፤ አሮጊት እናቱም አብረውት ይኖራሉ። ሀብታም የሚባል አልነበረም፤ ግን ቤቱ የመጣ እንግዳ ሳይበላ ወጥቶ አያውቅም። መስጊድና ሩቅ ገበያ የሚሄድባት አንዲት ደህና በቅሎም ነበረችው።

አንድ ዓመት ዝናብ ቀረ፤ እህል ተወደደ። እህል ደግሞ ብቻውን አይወደድም፤ ዘይቱንም ጨውንም ሳሙናውንም አስከትሎ ነው የሚወጣው። ገበሬው እህል ሲያጣ አዲስ ኮርቻ አይገዛም፤ አሮጌውን ጠጋግኖ ይጭናል። ስለዚህ የሰውዬው ገቢ ሲቀንስ ወጪው ጨመረ። ያኔ ለማንም ሳይናገር በልቡ አንድ ነገር ወሰነ። ምሳውን ተወ።

ቀድሞ እኩለ ቀን ላይ ቤቱ መጥቶ ነበር የሚበላው። አሁን ለሚስቱ «ሥራ በዝቶብኛል፤ እዚያው ገበያ እበላለሁ» አላት። ገበያ የሚበላው ነገር የለም። ውሃ ይጠጣል፤ ቆዳውን ሲሰፋ ይውላል፤ ማታ ገበታ ሲቀርብለትም «ምሳዬ ገና አልወረደልኝም» ብሎ ጥቂት ቀማምሶ ይነሳል። የእኔ ድርሻ ለእነሱ ይሁን ነው ሐሳቡ።

ሚስቱ ይህን አታውቅም። እሷም በበኩሏ ጓዳ ያለው ጆንያ ሲጎድል አይታ ደንግጣለች። ለባሏ ብነግረው ይጨነቅብኛል ብላ ዝም አለች። ገበታ ላይ ስትቀመጥ «ወጡን ስሠራ እየቀመስኩ ጠገብኩ» ትልና ለሌሎቹ ታጎርሳለች። ልጅቱም ልጅ አይደለችምና ነገሩ ገብቷታል። «ጓደኛዬ ቤት በላሁ» ማለት ጀመረች። አሮጊቷ እናት ደግሞ የባሰ ዘዴ አገኙ። «በአራስነቴና በሕመሜ ጊዜ ያመለጠኝ ጾም አለብኝ። ሳልሞት ልክፈለው» አሉ። ይህን ማን ይከራከራቸዋል? ቀኑን ሙሉ አይቀምሱም፤ ሲያፈጥሩም እንደ ወፍ ጫር ጫር አድርገው ይተዉታል።

አየሽ አንሻ፣ አንዳቸውም ክፉ አላሰቡም። እያንዳንዱ ለሌላው ብሎ ነው የተራበው። ግን ምን ሆነ መሰለሽ? ሚስቲቱ የምትሠራውን አልቀነሰችም። ባሌ ድስቱ ጎድሎ ካየ፣ ቤቴን ማስተዳደር አቃተኝ ብሎ ይሰበራል ብላ ፈርታለች። ስለዚህ ድስቱ እንደ ድሮው ሞልቶ ይቀርባል፤ በላተኛ ግን የለም። ወጡ ያድራል። አገሩ ቆላ ነው፤ ያደረ ወጥ ጠዋት ይኮመጥጣል፤ የከረመ እንጀራም ይሻግታል። ይወጣና በጓሮ በኩል ለውሻ ይደፋል። በዚያ ክፉ ዓመት በመንደሩ የወፈረ ውሻ የእነሱ ብቻ ነበር።

እህሉም እንደ ወትሮው አለቀ። ያ ሁሉ ረሃብ ለቤቱ አንድ ቁና እንኳ አላተረፈለትም።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ረሃብን የደበቀ ሰው ፊቱን መደበቅ አይችልም። ሚስቲቱ የባሏን ሰሃን እያየች «ይህ ሰው ከቤቱ ካልበላ የት ነው የሚበላው?» ማለት ጀመረች። ገበያው ውስጥ ምግብ የምትሸጥ አንዲት ፈት ሴት ነበረች። ልቧ ወደዚያች ሴት ሄደ። ባልየው ደግሞ የተረፈውን ወጥ እያየ ሌላ ነገር አሰበ። የሚስቱ ወንድም ባለጸጋ ነው፤ ቤቱም ቅርብ ነው። «የእኔን ደካማ ገበታ ንቃ ከወንድሟ ቤት እየበላች ነው» ብሎ አንገቱን ደፋ።

ገበታ ላይ ሲገናኙ እንዲህ ነበር የሚባባሉት።

«አትበላም?» ትለዋለች።

«ጠግቤአለሁ።»

«ማን አጠገበህ?»

«አንቺንስ ማን አጠገበሽ?»

በዚያ ቤት ጨዋታ ጠፋ። ጎረቤት እንኳ ሲገባ ሲጣሉ ነው የደረስኩት እያለ ቶሎ ይወጣል።

አንድ ቀን ሰውዬው ኮርቻ ሲሰፋ ዓይኑ ጭልም አለበትና ወስፌው መዳፉን ወጋው። በጨርቅ ጠቅልሎ ቤቱ ገባ። ሚስቱ «ምን ሆንክ?» አለችው። «ምንም» አላት። በመዳፉ ላይ የሚደማ ነገር ይዞ ምንም ሲላት፣ የማላየው ስንት ነገር አለ ማለት ነው አለች። ልብሷን ሰብስባ በኩታ ቋጠረችና ከበሩ ኋላ አኖረችው። ከጁምዓ በኋላ ወደ ወንድሟ ቤት ልትሄድ ነው፤ ላትመለስ።

ጁምዓ ጠዋት አሮጊቷ ቋጠሮውን አዩት። በዚያው ጠዋት የኮመጠጠውን ወጥ ለውሻ የደፉት እሳቸው ነበሩ። ደፍተው ሲጨርሱ ባዶውን ድስት እንደያዙ ጓሮው ላይ ቆመው አሰቡ። ምን እንዳሰቡ አሁን እነግርሻለሁ።

ጁምዓ ነበርና ልጃቸው ከመስጊድ ሲመለስ ቤት ገባ። ምሳ ቀረበ። ጾመኛ ነኝ ብለዋልና እናቱ ገበታ ቀርበው አያውቁም። የዚያን ቀን ግን እጃቸውን ታጥበው መጡና ከመካከል ተቀመጡ። ቢስሚላህ አሉ፤ እንጀራ ቆረሱ፤ ወጥ አጠቀሱ፤ ጎረሱ፤ አላምጠው ዋጡ። ሁሉም አፉን ከፍቶ አያቸው።

«እማ፣ ጾመኛ አይደለሽም እንዴ?» አለ ልጃቸው።

«አይደለሁም።»

«ረስተሽው ነው?»

«አልረሳሁም። ጾም ነው ስላችሁ የከረምኩት ጾም አልነበረም። ረሃብ ነው። ለእናንተ ይትረፍ ብዬ ነው የዋሸሁት። አሁን ደክሞኛል፤ ርቦኛል፤ እበላለሁ።» ሁለተኛ ጎረሱ። ከዚያ እጃቸውን አቁመው እንዲህ አሉ። «ግን አንድ ነገር አልገባኝም። እኔ ካልበላሁ የእኔ ድርሻ ብቻ መትረፍ ነበረበት። ዛሬ ጠዋት ለውሻው የደፋሁት የአራት ሰው ወጥ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ በዚህ ቤት ማነው የሚበላው?»

መጀመሪያ ልጅቱ አንገቷን ደፍታ «እኔ ጓደኛዬ ቤት አልበላም ነበር» አለች። እናትየው ዞራ አየቻት። የልጇ ጉንጭ እንዴት እንደጎደጎደ ያን ጊዜ ነው የታያት። «እኔም ወጥ ስሠራ አልቀምስም» አለች ሚስቲቱ፤ ድምፅዋ ተቆራረጠ። ሰውዬውም ከመዳፉ ላይ ጨርቁን ፈታና ቁስሉን አሳያቸው። «ዓይኔ ጨልሞብኝ ነው። ምሳ ከበላሁ ቆየሁ።»

ሚስቱ እጁን ያዘችው። «እኔ እኮ ከዚያች ሴትዮ ዘንድ የምትበላ መስሎኝ ነበር» አለችው።

«ከየትኛዋ ሴትዮ?»

«ምግብ ከምትሸጠዋ።»

«እሷማ ዋጋ ከጨመረች ወዲህ በደጇም አላለፍኩ» አለ።

ቀድመው የሳቁት አሮጊቷ ናቸው። ከዚያ ልጅቱ ሳቀች። ሚስቲቱ እያለቀሰች ሳቀች። ሰውዬውም ስለ ወንድሟ ቤት ያሰበውን ተናገረና በራሱ አፍሮ ሳቀ። ስንት ጊዜ ያልተሰማ ሳቅ ነው። ከዚያ በሉ። ድስቱ ተጠርጎ ወጣ። ውሻው ጓሮ ቆሞ ጠበቀ፤ የመጣለት ነገር የለም።

ከምሳ በኋላ ሰውዬው ጆንያውን ከጓዳ ጎትቶ መካከል ላይ አቆመው። አፉን ፈቶ ለሁሉም አሳየ። «ያለን ይኼ ነው» አለ። አየሽ፣ ያን ያህል ጊዜ የፈራው ይህን ቃል ነበር። ሲናገረው ግን ጣሪያው አልወደቀበትም። ሚስቱ ጎንበስ ብላ እጇን ጆንያው ውስጥ ከተተችና «ከተጠነቀቅን ያደርሰናል። ስንዴውን ትተን ከማሽላው እንጋግር። ድስቱንም በትንሹ ልጣድ» አለች። ልጅቱ ለበዓል የታሰበላት ቀሚስ ይቅር አለች። አባቷ ትምህርቷ ግን አይነካም አለ። አሮጊቷም «እንግዳ ከመጣ ካለው ላይ ይቋደሳል። ለብቻው አይሠራለትም፤ ግን አይመለስም» አሉ።

ሚስቲቱ ጥቂት አመነታችና «አንድ ነገር ልናገር?» አለች።

«ተናገሪ» አላት ባሏ።

«አንተ ምሳህን ትተህ በቅሎዋ ገብስ ትበላ ነበር።»

ሰውዬው በቅሎዋን ከሸጥኩ ሰው ወደቀ ይለኛል ብሎ ነበር ያቆያት። እናቱ ዓይኑን አይተው «እግር አለህ» አሉት፤ ሌላ አልጨመሩም። በሳምንቱ በቅሎዋ ተሸጠች። ወደቀ ያለው ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ቢኖርም ሰውዬው በእግሩ ሲሄድ አልሰማውም።

ትንሽ ድስት በቤታቸው አልነበረም። ሚስቲቱ ትልቁን ይዛ ጎረቤት ሄደችና «ለጊዜው በትንሹ ለውጪኝ» አለቻት። ጎረቤቲቱ ፊቷ ፈካ። «እኔስ ችግሬን ሰው እንዳያውቅብኝ አፍሬ ነው እንጂ፣ እኔም የማስበው ይህንኑ ነበር» አለች። ትልቁ ድስት ለሁለቱም ቤት መሥሪያ ሆነ። በአንድ እንጨት ለሁለት ቤት ይሠሩበታል፤ ወጡንም በየትንንሹ ድስት ይካፈላሉ። በኋላም ሰዎች ተጨመሩና እህሉን ከነጋዴ ሳይሆን ከገበሬው ደጅ በጋራ ይገዙ ጀመር። ረከሰ አይባልም፤ ግን ቀለለ።

ያ ዓመት በማሽላ እንጀራና በስስ ወጥ አለፈ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ከሱ። አሮጊቷ ዝናቡ ሲመለስ በሕይወት ነበሩ፤ እስኪጠግቡ እሸት በሉ። በኩታ የተቋጠረው ልብስ ያን ጁምዓ ማታውኑ ተፈትቶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሼህ ይመር ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱና ወደ አንሻ ዞሩ።

«ባልሽ ሥራው የት ነው ያልሽኝ?»

«መናኸሪያ ነው አባባ። ዕቃ ይጭናል።»

«ምሳውን የት ይበላል?»

«እዚያው ፉል ቤት እበላለሁ ይለኛል።»

«ሲበላ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

አንሻ የሻሿን ጫፍ ያዘችና ቀስ ብላ «ባለፈው ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አይቼዋለሁ። ቆዳው ስለላላ ነው አለኝ» አለች።

«እንግዲያው ያቺ ሴት አንቺ ነሽ፤ ያም ሰው ባልሽ ነው» አሉ ሼሁ። «ውሸቱ ያስጠይቀኛል ወይ ብለሽ መጣሽ። እሱን ልብሽን ለሚያውቀው ለአላህ ተይው። እኔ የምነግርሽ ዛሬ የሚያጎድልሽን ነው። ኑሮ ሲወደድ መቀነስ ግድ ነው፤ ነውር የለበትም። ግን ተደብቆ የሚቀነስ ነገር ቤቱን አይደግፈውም። አንቺ ለእሱ ትተይለታለሽ፣ እሱ ለአንቺ ይተውልሻል፣ በመካከል ምግቡ ይበላሻል፤ ፍቅራችሁም እንደ ጥርጣሬ ይታያችኋል። አብራችሁ ከቀነሳችሁ ግን የጎደለው ድስቱ ብቻ ነው። ድስትሽን አሳንሺ ልጄ፤ ሰው ግን ከገበታው አታጉድይ። ራስሽንም ጭምር።»

አንሻ ተነሳች። ስትመጣ የከበዳት ነገር ከትከሻዋ የወረደ ይመስል ሻሿን አስተካከለች።

«እሱ ቢቆጣስ አባባ? ደብቀሽኝ ኖሯል ቢለኝስ?»

«ይቆጣ። ቁጣው ሲያልቅ ይርበዋል» አሉ ሼሁ። «ምሳውን በሳህን ይዘሽለት ሂጂ። ከአንድ ገበታ ብሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ኑሮው ተነጋገሩ።»

አንሻ ፀሐይዋን ቀና ብላ አየች። ምሳ ገና ነው። መናኸሪያው ድረስ ለመሄድ በቂ ጊዜ ነበራት።