የአንማውና የቢተው ሞተር

እኛ ደሴት ላይ ባልና ሚስት ተኳርፈው «አፋቱን» ብለው ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ገና ነገሩን ሳይሰማ ጣል የሚያደርጋት አንዲት አባባል አለች። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ሲሰማት ግራ ይገባዋል። ዕድሜዋ ገና ነው፤ የወጣችባቸውንም ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ያን ቀን እኔም ጀልባው ውስጥ ነበርኩ።

አንማውና ቢተው አበልጆች ናቸው፤ የቢተውን የበኩር ልጅ ክርስትና ያነሳው አንማው ነው። አንማው ጥንቁቅ ሰው ነው፤ በር ቆልፎ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ይነቀንቃል። ቢተው ደግሞ ወጥ እስኪበርድ የማይጠብቅ። ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ጀልባ እየቀዘፉ የደሴታችንን ሰውና ማንጎ ጣናን አሻግረው ባሕር ዳር አድርሰዋል። የቢተው ትከሻ መቅዘፍ እምቢ ሲለው ጊዜ ሁለቱም አንድ አንድ በሬ ሸጡና አዲስ የጀልባ ሞተር ገዙ።

ሻጩ ሲያስረክባቸው ብዙ ነገር ነገራቸው። «አዲስ ሞተር እንደ ወይፈን ነው፤ ሳያለምዱ አያርሱበትም። የመጀመሪያዎቹን አሥር ሰዓታት በግማሽ ጉልበት ብቻ ንዱት። ቤንዚኑ ውስጥ የምትቀላቅሉትንም ዘይት ለጊዜው እጥፍ አድርጉት» አላቸው። አንማው እያንዳንዷን ቃል ያዘ። ሞተሩ አንድ ሰዓት በሠራ ቁጥር አንድ ቋጠሮ የሚቋጥርባት ሲባጎ እንኳ አዘጋጀ። ቢተው ያቺን ሲባጎ ባየ ቁጥር ይቁነጠነጣል።

«አበልጅ፣ ዳክዬ እኮ ቀደመን!»

«ይቅደመና! ገና ስድስት ቋጠሮ ይቀረናል።»

በአምስተኛው ሰዓት ላይ፣ ሐይቁ መሃል፣ ሞተሩ ሳል እንደያዘው ሰው ተንተፋተፈና ጠፋ። አንማው የቤንዚኑን ታኒካ ክዳን ከፍቶ አየ፤ ቤንዚን አለ። መልሶ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። የማስነሻውን ገመድ ሲጎትቱት ተነሳ። ሩብ ሰዓት ያህል ሄዶ ደግሞ ጠፋ። አንማው ከፍቶ አየ፤ ዘጋ፤ ተነሳ፤ ጠፋ። ማታውን እንደዚያ እየወደቁ እየተነሱ ገቡ።

ከዚያ ወዲያ ያልሞከሩት የለም። እሳት የሚጭርለትን ካንዴላ ፈትተው አጸዱ፤ አልሆነም። አዲስ ካንዴላ ገዙ፤ አልሆነም። ቤንዚኑን በነጠላ አጠለሉ። ዓይን በልቶት ይሆናል ቢሏቸው ጸበል አስረጩት። ዳር ታስሮ ለአፍታ ሲያስነሱት እንደ ንብ ይዘምራል፤ መሃል ሲደርስ ይሞታል።

ሞተሩ ቢያስቸግራቸው እርስ በርሳቸው ይወነጃጀሉ ጀመር።

«ሳይለምድ ጉልበት ጨምረህበት ነው፤ አስደንብረኸዋል» አለ አንማው።

«እኔ? አንተ ነህ በዘይት ያነቅኸው! እጥፍ አድርግ አሉህ እንጂ ጥበሰው አሉህ?»

በሳምንቱ «አበልጅ» መባባል ቀረ። ሽርክናውን ለማፍረስ ለእሑድ ሽማግሌ ቀጠሩ። የቢተው ሚስት በሁለቱም ቤት እየተመላለሰች ብታለቅስ የሰማት አልነበረም።

ቅዳሜ ግን ገበያ ነው፤ ማንጎው በስሏል። ተኮራርፈውም ቢሆን አሥራ አንድ ሰው ጭነው ወጡ። ከተሳፈርነው መካከል አረቄ ነጋዴዋ እማማ ይታይሽ ጀሪካናቸውን ታቅፈው ከኋላ፣ ከቤንዚኑ ታኒካ አጠገብ ተቀምጠዋል።

መሃል ላይ ሞተሩ እንደ ልማዱ ጠፋ። ያን ቀን ግን ነፋስ ተነስቶ ነበር። ጀልባው ጎኑን ለማዕበሉ ሰጠ፤ ውሃው በላያችን እየተረጨ ይገባ ጀመር። የነበረን አንድ መቅዘፊያ ያን ሁሉ ጭነት ለማዞር እንኳ አልበቃም። ሕፃን ያዘለች ሴት ልጇን ወደ ደረቷ አዙራ ማርያምን ትጣራለች።

አንማው መፍቻ አነሳ።

«እፈታዋለሁ! ያበላሸኸውን ዛሬ ሰው ሁሉ ይይልህ!»

«ግማሹ የእኔ ነው! የእኔን ግማሽ እንዳትነካ!» አለ ቢተው ክንዱን ጨብጦ።

«የትኛው ነው ያንተ ግማሽ?»

«ያልነካኸው!»

ሲታገሉ ከሞተሩ ሽፋን አንዲት ብሎን ወለቀችና ውሃው ውስጥ ጥልቅ አለች። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ውሃውን አዩ።

ይህኔ እማማ ይታይሽ ታኒካውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«ቆይ እስቲ፣ ይህ ዕቃ ሆዱ ለምን ገባ? ስንሳፈር ደህና አልነበረም?»

«እማማ፣ እባክዎ አሁን…» አለ አንማው።

«ዝም በል አንተ! እኔ ስንት ዘመን አረቄ ቀድቻለሁ። ጀሪካን አየር መግቢያ ካላበጁለት እንዲህ ሆዱን ይስብና መውረዱን ይተዋል። ይህ የት ነው መተንፈሻው?»

ታኒካውን ዳበስ ዳበስ ሲያደርጉ ክዳኑ አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን አገኙና በሁለት ጣታቸው አላሏት። ታኒካው ፍስስ ብሎ አየር ሳበ፤ የገባው ጎኑም ጓ ብሎ ተመለሰ።

ቢተው ገመዱን ጎተተ። በሦስተኛው ተነሳ። እልል ያለ ግን አልነበረም፤ ሁላችንም ሩብ ሰዓቱን እየጠበቅን ነበር። ሩብ ሰዓት አለፈ። ግማሽ ሰዓትም አለፈ። የባሕር ዳር ዛፎች መታየት ሲጀምሩ አንማው አንገቱን ደፍቶ ተናገረ።

«ያቺን ብሎን ያጠበቅኋት እኔ ነኝ። መንገደኛው ‹ቤንዚን ሸተተን› ሲል፣ ላልታ ነው ብዬ በጉጠት ጠረቀምኳት። በጠፋ ቁጥር ክዳኑን ስከፍተው አየር ያገኛል፤ መልሼ አንቀዋለሁ። ስንት ቀን ሙሉ አንተን ስሰድብ…»

«እኔም ልንገርህ» አለ ቢተው። «መጀመሪያ በጠፋበት ቀን ዋዜማ፣ አንተ በሌለህበት፣ እስከ ጥግ ከፍቼ ነድቼዋለሁ። የገደልኩት እኔ መስሎኝ እንቅልፍ አጥቼ ነው የከረምኩት። የጮህኩብህም ለዚያ ነው።»

አንማው ከመሪው ተነሳ። «በል ያዘው፣ አበልጅ» አለው፤ «ቀስ እያልክ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ወሬውን ሳይሰሙ ዋርካው ሥር ተሰይመው ጠበቁ። ሁለቱ አበልጆች እማማ ይታይሽን መሃል አድርገው መጡ። ዋናው ሽማግሌ አያ ውበቴ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«እሺ፣ ጀልባው ለማን ይሁን፣ ሞተሩስ ለማን? ተናገሩ።»

«የለም፣ ታርቀናል» አለ ቢተው።

«ታርቀናል? ሰሞኑን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እንኳ ጤና ይስጥልኝ አልተባባላችሁም ነበር! በምን ታረቃችሁ?»

ቢተው አንማውን አየ። አንማው መሬቱን። እማማ ይታይሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ብድግ አሉና «ኧረ እኔ ልንገራችሁ» አሉ፤ «ሞተር ከመፍታት ክዳን ማላላት።»