እመት ቀበሮ የለቀቀችው መልስ

አንድ ጊዜ፣ ስልክ ዱር ድረስ በገባበት ዘመን፣ አያ አንበሶ እንደ ልማዱ የዓመቱን ፈተና አወጀ። ያለፈ ከወንዙ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ይገባል፤ የወደቀ ወደ ጭነቱና ወደ አደኑ ይመለሳል።

አህዪት መውደቅ አልነበረባትም። እናቷ ጀርባዋ እስኪቆስል የሁለት አህያ ጭነት የተሸከመችው «ልጄ ታንብብልኝ» ብላ ነው። አህዪትም አንብባለች። ችግሩ፣ ፈተናው ሲቃረብ ያነበበችውን መጠራጠር ጀመረች።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ እመት ቀበሮ ቻናሏ ላይ ለጠፈች፦ «ፈተናው ወጥቷል! አባላት ሲበዙ መልሱን እለቃለሁ።»

በየዓመቱ ተፈትኖ የሚወድቀው አያ ጅቦ ለሃጩን እያዝረበረበ ወደ አህዪት መጣ።

«መጽሐፍ ላይ ምን ታቀረቅሪያለሽ? እኔ ዘመድ አዝማዴን ሁሉ ቻናሉ ውስጥ አስገብቻለሁ። አንቺም አስገቢ!»

«ውሸት ቢሆንስ?»

«እውነት ቢሆንስ? ሁሉም አግኝቶ አንቺ ብቻ ብትቀሪስ?»

ይህች ቃል ገደለቻት። መጽሐፉን ከድና ስልኩን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ መልሳ ትከፍታለች። «ትንሽ ቀረ» ይላል ቻናሉ። ሲመሻሽ መልሱ ተለቀቀ፤ ሁለቱም በቃላቸው ያዙት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚላቸው አልነበረም።

በማግስቱ ዋርካው ሥር ወረቀት ታደለ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ወንዙ ሲሞላ በየት በኩል መሻገር ይሻላል?» ይላል። አህዪት ከእናቷ ጋር ስንቴ የተሻገረችው ነው፤ «ለ»ን ከበበች። ወዲያው ደነገጠች። ቻናሉ «ሐ» ነበር ያለው! «ለ»ን አጥፍታ «ሐ»ን ከበበች። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ፤ የምታውቀውን እየሰረዘች የማታውቀውን ጻፈች።

አያ ጅቦማ ከመልሱ ግርጌ ያለውን «ለወዳጅዎ ያጋሩ» የሚለውን እንኳ ሳይቀር ገልብጦ ነበር። አያ አንበሶ ይህን ሲያነብ መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ አገሳ። ሁለቱም ወደቁ።

አህዪት እያለቀሰች ወደ ቀበሮ ሄደች። «እመት ቀበሮ፣ ምን በደልኩሽ?»

«እኔ የፈለግሁት የአባል ብዛት ነው፤ አገኘሁ» አለች ቀበሮ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል። «የምታውቂውን አጥፊ ያለሽ ማን ነው?»

አህዪት ወደ ቤቷ አቀናች። ቤት ስትደርስ እናቷ ጭነቱ እንደተጫነባት ደጅ ቆማ ትጠብቃለች።

«ምነው ልጄ፣ ፈተናው ከበደሽ እንዴ?»

«አልከበደኝም፣ እማዬ። አውቀው ነበር» አለች። ከመውደቋ ይልቅ ይህን መናገሯ አሳፈራት። ጭነቱን ለመቀበል ጀርባዋን አዞረች።

ከዚህ የምንማረው በፈተና ሰሞን ስልኩን ያልዘጋና ያነበበውን ያላመነ፣ እውነትነቱ ያልታወቀ ወሬ አምኖ የገዛ እውቀቱን በገዛ እጁ እንደሚሰርዝ ነው።