አመድ የያዘው ስልቻ

ጊዜው 2006 ዓ.ም.፣ ወሩ ሐምሌ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የወረደው ጉም አልተገለጠም። አንድ አራጋው የሚባል ገበሬ ከልጁ ከብርቄ ጋር ወደ ወረዳው ከተማ ወረደ። የሰባ ሰባቱን ረሃብ መታሰቢያ ጭኖ ከአገር አገር የሚዞር ዐውደ ርእይ መጥቶ፣ ሜዳው ላይ ነጭ ድንኳን ተተክሏል። በጉሙ ውስጥ ድንኳኑ መሬት የነካ አይመስልም።

በሩ ላይ መዝጋቢዋ "ስም ከነአባት" አለች።

"አራጋው።"

"የአባት?"

"አራጋው ይበቃል።"

ብርቄ ሳቀች። "ተዪው እህቴ። ትምህርት ቤት ሲያስገባኝም የአያት ስም ብሎ የእናቴን አባት ነው ያስጻፈው።"

እውነቷን ነው። በሰባ ሰባት አራጋው ልጅ ሳለ፣ አባቱ አንድ ማለዳ የዘሩን ስልቻ በትከሻው አንግቶ "ዝናብ ከጣለበት አገር ዘርቼ እመጣለሁ" ብሎ ወጣ። በዚያው ቀረ። እናቱ እስክትሞት ድረስ "ብቻውን በላው" ትል ነበር። አራጋውም ያን ስም ዳግመኛ ከአፉ አላወጣም።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ በእንቅልፍ ልቡ እንደሚሄድ ይራመዳል። ባለቤት የሌላቸው ምንቸቶች፣ ባለቤት የሌላቸው ጫማዎች። ጥግ ላይ አንድ ስልቻ ተቀምጧል። ጎኑ በቀይ ክር ተሰፍቷል። አራጋው ወደ ስልቻው ቀረበ። ያን ክር እናቱ ስትሰፋ መርፌውን ያቀበላት እሱ ነበር።

"ይህ አመድ የያዘ ስልቻ ነው" አለች አስጎብኚዋ። "መጠለያ ውስጥ ከሞተ ሰው ራስጌ የተገኘ ነው። የምድጃውን አመድ ለማስታወሻ ይዞ የወጣ ይመስለናል።"

"ሰው አመድ ተሸክሞ አይሰደድም፣ ልጄ። እስቲ እጅሽን ወደ ታች ስደጂ።"

"መንካት ክልክል ነው፣ ጋሼ።"

"የተከለከልኩት እኔ ነኝ። አንቺ ንኪው።"

አመነታች፤ ከዚያ ጓንቷን አጥልቃ ጠፍሩን ፈታች። ከአመዱ ሥር መዳፏ ሙሉ ቀይ ማሽላ ይዛ ወጣች።

"አመዱ ነቀዝ እንዳይገባ ነው" አላት። "ዘር ነው።"

"ሰውየው ግን የሞተው በረሃብ ነው" አለች ቀስ ብላ።

 ለአራጋው ጉሙ ወደ ድንኳኑ የገባ መሰለው። በጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ስልቻ አንግቶ፣ ዝናብ የጣለበትን አገር እየፈለገ፣ ዞር ሳይል ይሄዳል። ሊጠራው አሰበ። ስሙን ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጠርቶት አያውቅም።

ወደ በሩ፣ ወደ መዝጋቢዋ ተመለሰ። "መዝገቡን አውጪው። አራጋው ጓንጉል በይ። ስልቻው ላይም 'የጓንጉል ዘር' ብላችሁ ጻፉ። አመድ የሚለውን ሰርዙት።"

ብዙዎቻችን የምንፈርደው ከላይ ያለውን አመድ አይተን ነው። እጁን ወደ ታች ሰዶ የሚዳስስ ጥቂት ነው። በእርስዎ ቤትስ ስሙ የማይጠራ ማን አለ?

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት አራጋው ከብርቄ ጋር ሄደ፤ የአያቷንም ስም አስተካከለ።