የዝናሽ ልጅ ክርስትና አባት

በአንድ ወቅት፣ ከከተማ በራቀ ሆስፒታል፣ የነርስ ትምህርት የሚማሩ ሦስት ጓደኛሞች በወሊድ ክፍል ተመድበው ነበር። መኳንንት በእጁ ይተማመናል። ጌጡ እህቱን በወሊድ ካጣ ወዲህ ዕረፍት አያውቅም። አንዳርጌ ግን ዝሏል። ተኝቶ ቢነሣም ድካሙ አይለቀውም። የምጥ ጩኸት ከሩቅ እንደሚሰማ የሰው ለቅሶ ሆኖበታል። ያስፈራው አለመደንገጡ ነበር።

አንድ ቀን ዝናሽ የምትባል ሴት ወንድ ልጅ ወለደች። ደም ስለበዛባት ሐኪሙና አዋላጇ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ወሰዷት። ልጁ አላለቀሰም።

«አዋላጇ ትጠራ!» አለ አንዳርጌ።

«እስክትመጣ ሞት ይጠብቀናል?» አለ መኳንንት። የአየር መስጫውን ሕፃኑ አፍና አፍንጫ ላይ ደፍቶ ይጨምቅ ጀመር። የጠቆረው ፊት ቀላ። ልጁ አለቀሰ።

ወዲያው መብራት ጠፋ፤ ሕፃኑ የተኛበት ማሞቂያ ቀዘቀዘ። ጌጡ ሸሚዙን ከፍቶ ሕፃኑን ደረቱ ላይ አጣበቀ።

«ምሳ እንኳ አልቀመስክም፤ በተራ እንያዘው» አለው አንዳርጌ።

«እህቴም ተራ ጠብቂ ተብላ ነው የሞተችው።»

አመሻሹ ላይ ጌጡን እንደተቀመጠ እንቅልፍ ጣለው። ክንዱ ላላ። ሕፃኑ ሲንሸራተት አንዳርጌ ቀለበው።

ሐኪሙ ለሕፃኑ መርፌ አዘዘ። መኳንንት መድኃኒቱን ቀድቶ ለአንዳርጌ አቀበለው።

«ውጋው።»

አንዳርጌ ሲሪንጁን አየ። መስመሮቹ ተደበላለቁበት። መጠኑ ልክ ይሁን ስህተት አላወቀም፤ ያወቀው ዓይኑ እንደማይታመን ብቻ ነው።

«አልወጋም። አዋላጇ ትየው።»

«ፈሪ! እኔ ቀድቼው?»

«ቀጂው አንተ ነህ፤ ወጊው ግን እኔ።»

መኳንንት ሊነጥቀው እጁን ሲዘረጋ፣ አንዳርጌ መርፌውን ይዞ ወጣ። አዋላጇ አየችውና ፊቷ ተለወጠ። የአዋቂ ሰው መጠን ነበር።

አንዳርጌ ጋውኑን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለ።

«ወዴት ነው ወንድሜ?» አለው ጌጡ።

«ዛሬ ተጠራጠርኩ። ነገ ለመጠራጠርም ይደክመኛል።»

አልተመለሰም። ሁለቱ ግን እዚያው ናቸው፤ አንዱ እጁን ሳይጠራጠር፣ ሌላው ሳይተኛ።

ዝናሽ ዳነች። የክርስትናው ቀን ሲቃረብ፣ «ክርስትና አባቱ ልጄን ያተረፈው ይሁን» አለች። ክርስትና አባት ደግሞ አንድ ነው። በዚያ ክፍል ዛሬም የምታምጥ አለች፤ አንዳርጌ ግን የለም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ትንፋሽ ከሰጠው፣ ደረቱን ከሰጠው፣ መርፌውን ከልክሎ ጥሎት ከሄደው፣ ክርስትና አባትነቱ የሚገባው ለማን ነው?