የይበልጣል መኪና ለምን ትቆም ነበር

በወይን አምባ አንዲት እናት በጠራራ ፀሐይ ልጇን ሁለት ሹራብ ደርባ ስታለብስ ያየ ሰው አንድ አባባል ጣል አድርጎባት ያልፋል። አባባሉ ስለ ልጅ አስተዳደግ የተነገረ ይመስላል። የወጣው ግን ከአንዲት አሮጌ መኪና ነው።

መኪናዋ የይበልጣል ነበረች። ከአባቱ የወረሳት፣ ቀለሟ የለቀቀ፣ ኋላዋ ክፍት የሆነ የቤንዚን መኪና ናት። በገበያ ቀን ሰውና እህል ጭኖባት ዳገቱን አልፎ ወረዳው ከተማ ያደርሳል። እሱና እናቱ ወይዘሮ አንጓች የሚተዳደሩት በእሷ ነው።

ወይዘሮ አንጓች ልጇ ወጥቶ እስኪመለስ ድረስ እህል አይወርድላትም። ዝናብ ቢመጣ ጎርፍ ይወስደዋል፣ ዝናብ ቢቀር አቧራ ያንቀዋል ብላ ትሰጋለች። አንድ ማለዳ መኪናዋ አጠገብ ቆማ ሳለ ቤንዚን ሸተታት። ብትፈልግ የነዳጁ ታንከር ክዳን ላይ የመርፌ ጆሮ የምታክል ቀዳዳ አገኘች። ያረጀ ነገር መቀደዱ አይቀርም ብላ፣ ከተጣለ ከመነዳሪ፣ ነፋስ ከሚሞላው የውስጥ ጎማ ላይ፣ በክብ ቆርጣ ክዳኑን ከውስጥ ግጥም አድርጋ ደፈነችው። ለይበልጣል አልነገረችውም። በዚያው ሰሞን "እማዬ፣ እባክሽ መኪናዋን እንኳ ተይልኝ" ብሏት ነበር።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ታመመች። መንደር ለመንደር ስትሄድ ደህና ናት። ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ታስላለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ሞተሯ ጥፍት ይላል።

መጀመሪያ መካኒክ መጣ። የታንከሩን ክዳን ከፍቶ ቤንዚን መኖሩን አየ፤ ከዚያ ካንዴላዎቹን ቀየረ። መኪናዋ ተነሣች። "ካንዴላ ነበር" ብሎ ሄደ። በሚቀጥለው ገበያ እዚያው ዳገት ላይ ቆመች። ተሳፋሪው ተማከረና ዓይን ነው አለ። ይበልጣል ክዳኑን ከፍቶ ቤንዚኑን አየ፣ አንዲት ሴት ኮፈኑ ላይ ጠበል ረጨች፣ መኪናዋ ተነሣች። ደግማ ስትቆም፣ ሁልጊዜ ከሹፌሩ ጎን የሚቀመጡት ሽማግሌ፣ አያ ጫኔ፣ "አርጅታለች፤ እንደኔው ዳገት ላይ ትረፍ" አሉ። ቤንዚኑ ታየ፣ መኪናዋ አረፈች፣ ተነሣች። መድኃኒቱ ሁሉ ሠራ። በሽታውም አልሄደም።

ተሳፋሪው ግን በእግሩ መሄድ ጀመረ። በእግሩ የሄደው ቀድሞ ይደርስ ነበር።

"ዛሬም ከቆመች" አለ ይበልጣል አንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ "ለብረት ገዢው ሰጥቻት መተማ እወርዳለሁ። ለሰሊጥ አጨዳ ሰው ይፈልጋሉ።"

"መተማ ወባ አለ" አለች እናቱ።

"ወባው ዳገት ላይ አያቆመኝም።"

ወይዘሮ አንጓች ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላ ተሳፈረች።

"ወዴት ነሽ?"

"ገበያ።"

"ምን ልትገዢ?"

"እዚያ ስደርስ አስባለሁ።"

ዳገቱ ወገብ ላይ መኪናዋ አሳለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ቆመች።

"ደረስን" አሉ አያ ጫኔ።

ተሳፋሪው ወረደ። በዚህ ቀን ቤንዚኑን ያየ የለም፤ ጠዋት ሲሞላ ሁሉም አይቶታል። ይበልጣል ካንዴላዎቹን ነቅሎ ጠርጎ መለሰ። ጠበልም ተረጨ። መኪናዋም አረፈች። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ያጉተመትማል እንጂ አይነሣም።

ይበልጣል እጁን በጨርቅ ጠረገ። "እስከ አፋፉ እንግፋት" አለ። "ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው። ብረት ገዢው ዘንድ በራሷ ትደርሳለች።"

ወይዘሮ አንጓች ልጇ መተማ ፀሐይ ላይ ሲያጭድ ታያት። ቀጥሎም፣ መኪናዋ ስትገፋ ቤንዚኑ ቢፈስ፣ አንዱ ሲጋራ ቢለኩስ ብላ አሰበች። ያች ጎማ በቦታዋ መኖሯን ልታይ ወደ ታንከሩ ሄደች። ክዳኑ አልላቀቅ አላት። በሁለት እጇ ታግላ ስታዞረው ታንከሩ እህህ ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። የነጠላዋ ጫፍ ተጎትቶ አፉ ላይ ተለጠፈ።

ወይዘሮ አንጓች ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ይበልጣል አራስ ሳለ ብርድ እንዳይነካው ብላ በጋቢ ጥቅልል አድርጋ አስተኝታው ነበር። ስትገልጠው ፊቱ ጠቁሮ፣ ልክ እንዲህ ብሎ ነው የተነፈሰው።

"ይበልጣል" አለች። "አሁን አስነሣት።"

"ምን አዲስ ነገር መጥቶ?"

"አስነሣት።"

ሞተሩ ተነሣ። ጠበል የያዘችው ሴት እልል ልትል አፏን ስትከፍት፣ ወይዘሮ አንጓች በእጇ ቆይ አለቻት። ክዳኑን መልሳ ገጠመችና "አታጥፋት" አለችው። ሁሉም ቆመው ጠበቁ። መኪናዋ ቆይታ አሳለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጠፋች። ክዳኑን ከፈተች። ታንከሩ ተነፈሰ። ሞተሩ ተነሣ።

ወይዘሮ አንጓች ጎማዋን በጥፍሯ ፈልፍላ አወጣችና ለልጇ ሰጠችው።

"ይህ ምንድን ነው?"

"እኔ ነኝ የደፈንኩት። ቀዳዳ አይቼ ነበር።"

ይበልጣል ክዳኑን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ተመለከተ። በትንሿ ቀዳዳ ብርሃን ገባ። "መተንፈሻዋ እኮ ነው፣ እማዬ። ከተሠራች ጀምሮ ያለ ነው። አየር ካልገባባት ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ አይሄድም።"

"እሳት እንዳይበላህ ብዬ ነው።"

"እሳቱስ አልበላኝም። ለመተማ ልትሰጪኝ ነበር እንጂ።"

ይበልጣል ጎማዋን አልጣላትም፤ ኪሱ ከተታት። ክዳኑን እንደ ጥንቱ ገጠመና "አያ ጫኔ፣ ለእናቴ ቦታ ይልቀቁላት" አለ። ሽማግሌው ወደ ኋላ ወጥተው ጆንያ ላይ ተቀመጡ። መኪናዋ ዳገቱን ጨርሳ አፋፉ ላይ ስትወጣ ነፋስ ገባ። የወይዘሮ አንጓች እጅ ወደ ልጇ አንገት ሄደ፤ የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ልትቆልፍ ነው። አያ ጫኔ በኋላው መስኮት ብቅ ብለው አዩአትና እንዲህ አሉ፦ "ተዪው አንጓች፤ ሲያቅፉ ለትንፋሽ ያትርፉ።"