ጋሽ እንድሪስ የመረቁት መንገድ

አባባል ሁሉ የተወለደበት ደጃፍ አለው። ሰው አፉ ላይ ሲያገኘው ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል እንጂ፣ አንድ ቀን አንድ ሰው ተናድዶ ወይም ደስ ብሎት የተናገረው ነው። በእኛ ሰፈር፣ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ሳይገባው "ልክ ነው፣ ልክ ነው" የሚያበዛ ሰው ሲገኝ የሚወረወርበት አንድ አባባል አለ። የዚህኛውን ደጃፍ እኔ አውቀዋለሁ፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነበርና።

ደጃፉ የጋሽ እንድሪስ የልብስ ስፌት ቤት ነው። ጋሽ እንድሪስ ከስፌታቸው ይልቅ በምርቃታቸው የታወቁ ሰው ናቸው። ፈተና የሚቀመጥ፣ ሚስት የሚያጭ፣ ሩቅ አገር የሚሄድ ሁሉ መጥቶ ጉልበታቸውን ይስማል። እሳቸውም ከእግር መኪናቸው ቀና ብለው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም "አሚን" ይላል። ሳይመረቅ የወጣ ሰው መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳበት እንኳ ሰፈሩ የሚያሳብበው በዚያው ነው።

እኒህን የተከበሩ ሰው አንገት የሚያስደፋ አንድ ነገር ነበር፤ የሰፈሩ ወጣቶች ቋንቋ።

"አማርኛ ተወልጄበታለሁ፣ አርጅቼበታለሁ" ይሉናል። "አሁን ግን ሁለት ጎረምሶች በሬ ላይ ቆመው ሲያወሩ በገዛ አገሬ እንግዳ እሆናለሁ። አንዷን ቃል ስለምዳት እነሱ ጥለዋት ሄደዋል!"

አንድ ጊዜ ደፍረው የአንዲት ቃል ትርጉም ቢጠይቁ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ ወዲህ መጠየቅ ቀረ። ወጣት መጥቶ ሲያወራቸው፣ እንደ ገባው ሰው ራሳቸውን መነቅነቅ ሆነ ሥራቸው። እኔና ጋሽ ደምሴ፣ የአግዳሚው የዘወትር ተቀማጮች፣ ከእሳቸው አናንስም፤ አብረን እንነቀንቃለን።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የእትዬ ዘሐራ ልጅ ኑሩ መጣ። አባቱ ከሞቱ ወዲህ ለእናቱ ያለው እሱ ብቻ ነው። ትከሻው ላይ ትንሽ ቦርሳ አንግቷል። ጎንበስ ብሎ የጋሽ እንድሪስን ጉልበት ሳመና፣

"ጋሼ፣ ሰፈሩ ደብሮኛል" አለ። "ችስታ ሆኛለሁ። ጀለሶቼ በሙሉ ላሽ ብለዋል፤ እኔም ዛሬ ላሽ ልል ነው። ማዘር ነቄ አይደለችም። ይመርቁኝ።"

ወጣት ከሆናችሁ ገብቷችኋል። እንደ እኔ ላረጃችሁት ልንገራችሁ፤ ልጁ "ሰፈሩ ሰልችቶኛል፣ ኪሴ ባዶ ነው፣ ጓደኞቼ ሄደዋል፣ እኔም ዛሬ እናቴ ሳታውቅ ልጠፋ ነው" ማለቱ ነበር። ይህን የተረዳነው ግን በኋላ ነው። ያኔ ሦስት ሽማግሎች ሆነን ነቀነቅን። ጋሽ እንድሪስም መዳፋቸውን ዘረጉ።

"መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ። የወጣህበት ይቅናህ። ያሰብከውን አላህ ይሙላልህ።"

"አሚን!" አልን እኔና ጋሽ ደምሴ፣ ከልባችን።

ኑሩ "አሚን" አላለም። ጉልበታቸውን እንደገና ሳመ፤ አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሁሉ ጥቂት ፊታቸውን አየና ሄደ።

ጋሽ እንድሪስ ወደ ስፌታቸው ቢመለሱም እጃቸው ሥራ እንቢ አለ። "ጉልበቴን አረጠበው እኮ" አሉ። እውነትም ሱሪያቸው ላይ እንባ ነበር። "ተመርቆ የሚያለቅስ ምን ዓይነት ልጅ ነው? ለመሆኑ ምን ነበር ያለው?"

"እኔ እንጃ" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"አንተስ?" ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"እኔማ እርስዎን አይቼ ነው የነቀነቅሁት።"

"እኔ ደግሞ እንዳይሳቅብኝ ነው!" ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። "ያልገባኝን ነገር መርቄያለሁ ማለት ነው። ልጁ የት ሄደ?"

ማዶ የቆመ ባለባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሲወርድ እንዳየው ነገረን። ተከትለን ወረድን። ጋሽ እንድሪስ ከአንገታቸው ላይ ሜትራቸውን እንኳ አላወረዱም።

ኑሩን ያገኘነው ሊነሣ ካለ ሚኒባስ አጠገብ ነው። እንደ እሱ ቦርሳ ያንጠለጠሉ ጎረምሶች ከበውታል። መነጽር ያደረገ አንድ ደላላ "ግቡ፣ ግቡ" እያለ ያዋክባቸዋል። ጋሽ እንድሪስ እያለከለኩ ፊቱ ቆሙ።

"ኑሩ፣ ቅድም ያልከኝ አልገባኝም።"

"እንዴ ጋሼ! ሲነቀንቁ አልነበር?"

"ስነቀንቅ ነበር። አፍሬ ነው። ላሽ ማለት ምን ማለት ነው ልጄ?"

ጎረምሶቹ ሳቁ። እሳቸው ዞር ብለውም አላዩአቸው።

"ላሽ... ላሽ ነዋ ጋሼ" አለ ኑሩ። "በቃ ላሽ ማለት።"

"እኔ በሚገባኝ አማርኛ ንገረኝ። እንደ አባትህ ቁጠረኝ።"

"መሄድ ነው።"

"ወዴት?"

"ሳዑዲ።"

"በምን?"

"በእግር። በበረሃ። ከዚያ... በጀልባ።" ድምፁ እየቀነሰ መጣ።

"እናትህስ?"

ኑሩ የቦርሳውን ማንገቻ ጨበጠ። "ዳቦ ልግዛ ብያት ነው የወጣሁት" አለ። "እየጠበቀችኝ ነው።"

ልጁ ጉዞውን ከጓደኞቹ ጋር ሲያወራው ከርሟል። በዚያች ቀላል ቃል ሲሉት ነገሩ ከሰፈር ሰፈር እንደ መሻገር ነበር። ለአንድ ሽማግሌ በሚገባ አማርኛ፣ አንድ በአንድ ሲዘረዝረው ግን ራሱን ሰማ። ይኸው ነው የሆነው፤ ምክር አልነበረም፣ ቁጣም አልነበረም። ጋሽ እንድሪስ ያሉት ነገር ቢኖር፣ "ይኸን ነው ለካ የመረቅሁት!" ብቻ ነው። እሱንም ለራሳቸው ነው ያሉት።

ኑሩ ቦርሳውን መሬት ጥሎ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ። ደላላው ተሳድቦ በሩን ዘጋ። የቀሩት ሄዱ፤ እነሱን የጠየቀ አልመጣም፤ እሱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ኑሩ ግን በመንገዱ ዳቦ ገዝቶ ቤቱ ገባ። እግዜር ይስጥልን፤ ሌላ ምን ይባላል?

አሁን ከጋሽ እንድሪስ ጎን ስፌት እየለመደ ነው። ቀጥ ያለ መስመር ገና አልሆነለትም፤ የእኔ ሱሪ ምስክር ነው። ጋሽ እንድሪስ ደግሞ ከእሱ ቃል ይማራሉ። ሳያፍሩ ይጠይቃሉ፤ የተማሯትንም ያለ ቦታዋ እየሰነቀሩ ያስቁናል። ባለፈው የመስጊዱን ኢማም "ነቄ ነዎት?" ብለዋቸው፣ ኢማሙ ምን እንደተባሉ ሳያውቁ ነቀነቁ።

አባባሉ የተወለደው ኑሩ ከመናኸሪያ በተመለሰበት ሳምንት፣ ዓርብ ቀን ነው። እትዬ ዘሐራ እርጎ ይዘው መጡ። እቃቸውን አስቀምጠው ጋሽ እንድሪስ እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ፣ ጋሽ እንድሪስ ደንግጠው አነሡአቸው።

"አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ" አሉ እትዬ ዘሐራ እያለቀሱ። "ልጄን ሁለተኛ የወለዱልኝ እርስዎ ነዎት።"

ጋሽ ደምሴ መቼም ከምስጋና መራቅ አይወዱም። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ምርቃታችን ነው የመለሰው ዘሐራ! ሦስታችንም እኮ ነቅንቀን፣ አሚን ብለን ነው የሸኘነው" አሉ።

እትዬ ዘሐራ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። የመጀመሪያውን ዋንጫ እርጎ ቀድተው ለጋሽ እንድሪስ በሁለት እጃቸው ሰጡ፤ ከዚያ እኔንና ጋሽ ደምሴን ተራ በተራ አይተው ሳቅ አሉና እንዲህ አሉ፦

"ከሺ ነቅናቂ፣ አንድ ጠያቂ።"