የኩርፊያው ዱባ

በእኛ አገር ሽማግሌ ሁለት ሰዎች ሲኳረፉ አይቶ ድንገት ስለ ዱባ ካነሳ፣ ዕድሜ ተጫጭኖት አይደለም። ነገሩ ከምንይችልና ከየሻረግ ጓሮ የመጣ ነው።

ከተጋቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። የሻረግ ከእናቷ ቤት ያመጣችውን የዱባ ዘር አጥሩ ሥር ዘራችው፤ በቀለ። ምንይችል አይቶ፣ "አጠጋግተሽዋል፤ ሊተናነቅ ነው" አላት። ይህን ብቻ ነው ያለው። እሷን ግን ከፋት።

"እንግዲያው አንተው አጠጣው። ማርያምን፣ እኔ ጠብታ አላፈስለትም።"

"ወንድ ልጅ ውሃ ሲቀዳ የት አይተሻል? ይደርቃላ።"

ከዚያ ወዲያ የሚነጋገሩት በጥጃዋ በኩል ሆነ። "አንቺ ጥጃ፣ እራቱ ቀዘቀዘ በይልኝ" ትላለች የሻረግ። "ጠግቧል በያት" ይላል እሱ። ጥጃዋ ታመነዥካለች።

ጥቂት እንደሰነበተ የችግኞቹ ቅጠል ከታች ጀምሮ ቢጫ ይሆን ጀመር። የሻረግ ልቧ ፈርቶ አጥር ወደሚጋሯቸው ሽማግሌ፣ ወደ አባ ይርዳው ሄደች።

"የእናቴን ዘር ቆሞ እያየ የሚያደርቅ ሰው ለእኔስ ምን ይመለሳል? ይህ ችግኝ ከሞተ ወደ እናቴ እሄዳለሁ።"

አባ ይርዳው በአጥሩ ላይ ተንጠራርተው አዩ። "ቢጫ ከሆነማ ጠምቶት ነው። አጠጪው።"

"ምያለሁ እኮ።"

"እሱ እርሻ ሲወርድ አጠጪዋ። እኔ አላየሁም።"

በማግስቱ ደግሞ ምንይችል መጣ። "አባ፣ ዱባው ከሞተባት ትሄድብኛለች፤ አውቃታለሁ። ምን ይሻለኛል?"

ሽማግሌው የሚስትን ምስጢር ለባል ማውጣት ነውር መሰላቸውና፣ "ውሃ ነዋ። እሷ ከቤት ስትወጣ ጠብቀህ አጠጣው" አሉት።

"ውሃ ስሸከም ሰው ቢያየኝስ?"

"በጀሪካን ያዘው፤ ጋቢህን ደርብበት።"

እንዲህ ሆኖ እሷ ጠዋት፣ እሱ ከሰዓት በኋላ ያጠጡት ጀመር። ቅጠሉ ግን ባሰበት። ምንይችል ግራ ገባው። ሰማዩ ክው ብሎ ደርቆ ሳለ የዱባው ሥር ጭቃ ነው። "ምንጭ ፈልቆ ይሆን?" አለ ለራሱ። ደግሞ ቆየና፣ "ጭቃ ላይ የቆመ ነገር እንዴት ይጠማዋል?" አለ። መልሱ ሲጠፋው አንድ ጀሪካን ጨመረበት። በጣት የተጠቆመበት ዱባ ይጠወልጋል ይባላልና፣ የሻረግም ሰው ጠቁሞበት ይሆናል ብላ በአሮጌ ነጠላ ጋረደችው፤ ውሃውን ግን አልተወችም። አባ ይርዳውም ሁለቱም ተራ በተራ እየመጡ "ባሰበት" ሲሏቸው፣ ሌላ የሚሉት ስላጡ ለእሷ "ጨምሪለት"፣ ለእሱ "ጨምርለት" ይላሉ።

አንድ ቀን የወፍጮው ሞተር ተበላሽቶ የሻረግ እህሏን እንደተሸከመች ተመለሰች። ጓሮ ብትገባ ምንይችል ጋቢውን ተከናንቦ ውሃ ያንቆረቁራል።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለችው፤ ጥጃዋን ሳታስቸግር።

"እንዳትሄጂ ብዬ ነው።"

ሸክሟን አወረደች። "እኔም እኮ ጠዋት ጠዋት አጠጣዋለሁ።"

ምንይችል ጎንበስ ብሎ አንዱን ችግኝ ሳብ ቢያደርገው፣ ሥሩ ጠቁሮና በስብሶ ያለ ትግል ወጣ። ሌላውም እንደዚያው። የሻረግ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

"አልቅሺ" አላት እሱ ቀስ ብሎ። "ብቻ አትሂጂ።"

ነጠላውን ስትገልጠው ለካ እየሳቀች ነው። "በሁለታችን እጅ ነው የሞተው፤ ማንን ጥፋተኛ ብዬ ልሂድ? ያንን ጀሪካን አስቀምጠውና ግባ፤ ዘር ከእናቴ ዘንድ አብረን እናመጣለን።"

አባ ይርዳው ይህን ሁሉ ከአጥሩ ማዶ ያዩ ነበር። ከሰፈር ሰው አንዱ በዚያ ሲያልፍ ጭቃ ላይ የተጋደመውን ችግኝ አይቶ፣ "አባ፣ ይህን ዱባ ምን አገኘው?" ቢላቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁና "ተኳርፈው አጠጡት፣ ተባብረው ገደሉት" አሉ።